ቀይ ነጥብ የሌለባቸው ዓመታት

የካቲት 4

የመጨረሻዎቹ አሥራ ሁለት ቅርጾች ዛሬ ተለኩ። አለቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ የጀሶ ጥርስ፣ ስምንት ደብተር፣ አንድ የስፋት መለኪያ ካሊፐር።

ሦስት ሰዓት ላይ ጀምረን ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ጨረስን። እንደ ወትሮው ቴክኒሻኔ ሚሊ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይለካል፣ ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኔ እጽፋለሁ። የቤተ ሙከራው ሕግ ነው፣ ያወጣሁትም እኔ ነኝ፦ የሚለካ አይጽፍም፣ የሚጽፍ አይለካም። ሰው ብቻውን ከተተወ ከራሱ ቁጥር ጋር ይሞዳሞዳል። ቁጥሩ ሲያጠራጥረኝ «እንደገና» እለዋለሁ፤ ደግሞ ይለካል፤ እኔም ከቁጥሩ ጎን ቀይ ነጥብ አደርጋለሁ። ዛሬ አንድም ቀይ ነጥብ የለም። እንዲያውም አምስት ዓመት ሙሉ አንድም የለም። የሰውየው እጅ በስሏል። መጀመሪያ እኮ ካሊፐሩን እንደ ማንኪያ ነበር የሚይዘው...

ሚሊ ያሉት ተማሪዎች ናቸው፣ ለሩብ ሚሊሜትር ስለሚጣላ። ሰባት ወር ቆይቶ ጡረታ ይወጣል። በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን «አንተ» ብዬው ቀረሁ።

የመጽሐፉ የመጨረሻ ረቂቅ ከማተሚያ ቤት መጣ። ሦስት ቦታ ነጠላ ሰረዝ ተዘሏል። አራት ሰው አርሞት! ቢሆንም የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ አነበብኳት፦ «ሰው ወፍጮ ሠራ፤ ወፍጮውም መልሶ ሰውን ሠራው።» የሚነካ ነገር የላትም።

የስታቲስቲክስ መምህሯ ደብተሮቹንና ሠላሳ ቅርጽ ለተማሪዎቿ መለማመጃ ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። «የእርሳስ ጫፍ እንኳ እንዳይነካው» አልኳት። «በጓንት እይዘዋለሁ ዶክተር» አለች። ቀልድ መሆኑ ነው።

የካቲት 6

የክፍሉ ኃላፊ መግቢያው ይጠር ይላል። «ሰው ይሰለቻል።» ምኑን ላሳጥረው? ሰው እሳት አነደደ፣ ምግቡን አበሰለ፤ የበሰለ ምግብ ብዙ ማኘክ አይጠይቅምና በስንትና ስንት ሺህ ትውልድ ጥርሱ አነሰ፣ መንገጭላው ቀለለ። ከብት አረባ፤ ከአርቢዎቹ መካከል ጎልምሰውም ወተት የሚስማማቸው በዙ። ደን መነጠረ፣ ውሃ አቆረ፤ ትንኝ ተከተለችው፣ ወባ ተከተለችው፤ ደሙ ሳይቀር ተለወጠ። ሰው አካባቢውን ሲጠርብ አካባቢውም እሱን ሲጠርብ ኖሯል። ሰው ግን መጥረቢያው በእሱ እጅ ብቻ ያለ ይመስለዋል... ከዚህ ላይ የትኛውን ላውጣ?

የእኔ ድርሻ ትንሿ ናት። ሁለት መንደር። አንድ ዘር፣ የሚጋቡ፣ የሚዋለዱ። የታችኛው መንደር የሞተር ወፍጮ ገባለት፤ ልጆቹ ልስልስ ምግብ በልተው አደጉ። ወደ ላይኛው መንደር መኪና አይወጣም፤ እዚያ እህሉን ቆልተው፣ ሥጋውን አድርቀው ያኝካሉ። በየዓመቱ ከየመንደሩ ሠላሳ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እያስነከስን የጥርሱን ቅርጽ በጀሶ እንወስዳለን። ከግራ መንጋጋ ጥርስ ጫፍ እስከ ቀኝ መንጋጋ ጥርስ ጫፍ ይለካል። የወፍጮው መንደር ልጆች በሦስት ነጥብ አንድ ሚሊሜትር ይጠባሉ። በዘር የሚወረስ ለውጥ አይደለም፤ በአንድ ልጅ ዕድሜ፣ በማኘክና ባለማኘክ የሚመጣ ነው። ይህን ልዩነት የማያይ ሰው መጽሐፌን ባያነበው ይሻለኛል።

አላሳጥርም።

የካቲት 11

ባለወፍጮው ከታችኛው መንደር ደወለ። መጽሐፉ መቼ እንደሚወጣ ሊጠይቅ። ስሙ ምስጋናው ላይ አለ፣ ነግሬዋለሁ፣ እንቅልፍ ነስቶታል።

«ዶክተር፣ ወፍጮዬ የሰው አፍ ያጠብባል ብለው ጽፈዋል አሉ?»

«መንገጭላ ነው ያልኩት።»

«አይ፣ ሚስቴን አይተው ቢሆን አይጽፉም ነበር። ሃያ ዓመት ዱቄት በልታ አፏ በየዓመቱ ይሰፋል።»

ሳቅሁ። ምሳ ላይ ለሚሊና ለመምህሯ ነገርኳቸው። መምህሯ ፈገግ አለች። ሚሊ ሳህኑን እያየ «ጥሩ ሰው ነው» አለ፣ ሌላ ምንም። ምን ነካው? ጡረታው ይሆናል።

የካቲት 13

 ሚሊ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ጠየቅሁት። «ወገቤን ነው» አለ።

የካቲት 18

መምህሯ ስምንቱንም ደብተር አቅፋ ገባች። በሩን ዘጋች። የቢሮዬ በር ሲዘጋ አልወድም።

«ዶክተር፣ ተማሪዎቼ ሠላሳውን ለኩ። ከደብተሩ ጋር አይገናኝም።»

«ተማሪ ምን ይለካል!»

«እኔም ለካሁ። ሁለት ጊዜ።»

ምን እንዳልኳት እዚህ አልጽፍም። ኮሪደሩ ድረስ ተሰምቷል አሉ። አላለቀሰችም፤ ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ በቁጥራቸው ደረደረችና «እባክዎ ራስዎ ይለኩ» ብላ ወጣች።

ለካሁ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ፣ ሃያ ቅርጽ። አሥር ከላይ፣ አሥር ከታች። አንዱን አምስት ጊዜ የለካሁት አለ። የላይኛው መንደር ልጆች ሁሉ ደብተሩ ከሚለው ይጠባሉ፣ በአንድ ሚሊሜትር፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ። የታችኞቹ ደግሞ ይሰፋሉ። ስሕተት ቢሆን ወዲህም ወዲያም በተበተነ። ይሄ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ነው። ወደ እኔ ወገን።

ቅርጾቹ ግን እንከን የላቸውም። እያንዳንዷ ጥርስ ቁልጭ ብላ... ጀሶውን ሲሠራ አልዋሸም። ሲያነብልኝ ነው የዋሸው።

የካቲት 19

ሚሊን ጠራሁት። ቅርጹን፣ ካሊፐሩን፣ ደብተሩን ፊቱ አደረግሁ። አልተቀመጠም።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ቁጥሩ ልክ እንዳልሆነ። መምህሯ ባለፈው ሳምንት ጠየቀችኝ። እኔው ራሴ ልንገራቸው፣ ሳምንት ስጪኝ አልኳት። ሳምንቱ አለቀ፤ አልቻልኩም።»

ሳምንት! ሳምንት ሙሉ ሁለቱም እያወቁ አብረውኝ ምሳ በሉ። የባለወፍጮውን ቀልድ ነግሬያቸው ብቻዬን ስስቅ...

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ይሄ ቀን ብዬ የምነግርዎ ቀን የለም ዶክተር። የላይኛው መንደር ልጅ ጠቦ ሲመጣ እንደገና ይሉኛል። ሰፍቶ ሲመጣ ዝም ብለው ይጽፋሉ። የጥርሱ ጫፍ የቱ ጋ ነው የሚለው የዓይን ነገር ነው፤ ትንሽ ወደ ውጭ ገፋ አደርገዋለሁ። ይጽፋሉ። እናልፋለን።»

«እኔ ዋሽ ብዬሃለሁ?»

«አላሉኝም።»

«ታዲያ?»

«እጄ ለመደ። በኋላ በኋላማ ሳላስበው ነው... እውነቴን ነው፣ ሳላስበው።»

ውጣ አልኩት። ወጣ። ካሊፐሩን ጠርጎ ሳጥኑ ውስጥ ከቶ ነው የወጣው። ያ ነው ይበልጥ ያበገነኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት። እናቴ የሞተች ዕለት ከጎኔ የቆመ ሰው። ልጁን ሲድር በቤተሰብ ወንበር የተቀመጥኩ እኔ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ «ዶክተር፣ ይሄ ልክ አይደለም» ማለት አቅቶት? እሳት ካየው ምን ለየው፣ ይላሉ። እሱ በየቀኑ እያየ ነው ያቃጠለኝ።

የካቲት 20

የክፍሉ ኃላፊ ዘንድ። አብረን የተማርን ነን፤ ፈተና ላይ ከእኔ ይገለብጥ ነበር።

«ዝም ብለህ አሳትመው» አለ። «ማን ካሊፐር ይዞ ይመጣብሃል?»

«አላደርገውም።»

«እንግዲያው ጥፋተኛ ያስፈልጋል። ቁጥሩን ማን ነው ያነበበው?»

«እሱ።»

«በቃ። ቴክኒሻኑ አበላሸ፣ አንተ ደረስክበት። ልኬቱን ታስተካክላለህ፣ መጽሐፉ ዓመት ይዘገያል። ስምህ ግን ንጹህ ነው። እንዲያውም ያስመሰግንሃል።»

«እሱስ?»

«ዲሲፕሊን ኮሚቴ። እሱ የራሱ ጉዳይ ነው።»

ጡረታ ሊወጣ ሰባት ወር ቀርቶት። አውቃለሁ፤ ኃላፊውም ያውቃል። ደብዳቤውን እዚያው ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ። ፈረምኩ። 

የካቲት 21

ሚሊ ታገደ። ሽርጡን አጥፎ መንጠቆው ላይ ሰቅሎ ሄዷል አሉ። አላየሁትም። ልይ ብዬም አልወጣሁም።

የካቲት 24

ቤት ተቀምጫለሁ። ሚስቴ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አግኝታ አነበበችው፣ ቅጂውን።

«ጋሽ ሚሊን ነው እንዲህ ያልከው?»

«የዋሸኝን ሰው ነው።»

«እሱ ምን ያድርግ። አንተን ማን እውነት ይነግርሃል?»

«አንቺ።»

 በጣቷ ወደ ኮሪደሩ አሳየችኝ። የመጽሐፍ መደርደሪያው። ራሴ በውሃ ልክ የሠራሁት፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሳያየው የማያልፈው።

«ያዘነበለ ነው» አለች።

«አላዘነበለም።»

«ከተሠራ ጀምሮ ያዘነበለ ነው። እግሩ ሥር ካርቶን አጥፌ አድርጌበታለሁ። ሲረግብ እለውጠዋለሁ።»

ተንበርክኬ አየሁ። ዘጠኝ እጥፍ ካርቶን። የጫማ ሳጥን ነው፤ አንደኛው ላይ የእኔ ቁጥር፣ አርባ ሁለት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር። በመጀመሪያው ቀን። ሦስት ሰዓት ሙሉ መሬቱ ነው ያዘነበለው ብለህ አስረዳኸኝ።»

ቀጥላ ደግሞ፣ እየሳቀች ይሁን እየተቆጣች ሳይለይ፣ «ተማሪዎችህ ማን እንደሚሉህ ታውቃለህ?» አለች። አላውቅም። «ዶክተር እንደገና።»

እኔ ሳላውቀው ስንት ሰው ነው ቤቴን በካርቶን አቁሞ የሚያኖርልኝ?

የካቲት 26

ወደ ቤተ ሙከራው ሄድኩ። ሰው የለም። ስምንቱን ደብተር አወጣሁና ቀይ ነጥቦቹን ቆጠርኩ። ለምን እንደ ቆጠርኩ... የሚሊን ውሸት ላጋልጥ ነበር ሐሳቤ። ኮሚቴው ፊት ይዤው ልቀርብ።

ሁለት መቶ አሥራ አራት ናቸው። ከእነዚህ ሁለት መቶ ሦስቱ ወይ የላይኛው መንደር ልጅ ጠቦ የመጣበት ነው፣ ወይ የታችኛው ልጅ ሰፍቶ የመጣበት። አሥራ አንዱ ብቻ ሌላ ናቸው። የሚያስደስተኝን ቁጥር እንደገና ለካ ብዬ አላውቅም ማለት ነው። እነዚህን ነጥቦች ሚሊ አላደረጋቸውም። ቀዩ እስክሪብቶ የእኔ ነው።

በየዓመቱ ለይቼ ቆጠርኩ። በመጀመሪያው ዓመት ሠላሳ አንድ። በሁለተኛው ሃያ ስምንት። ሃያ አምስት። ሃያ ሁለት... እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ በአሥራ አራተኛው ሦስት። ከዚያ በኋላ ምንም። «እጁ በስሏል» ብዬ የጻፍኩላቸው አምስት ዓመታት።

እጁ አልበሰለም። ተላመደ።

ለተማሪ ይሄን ሰንጠረዥ ሳልነግረው ብሰጠው፣ አካባቢው ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው... አንድ ፍጡር፣ ሳይታዘዝ፣ ሳያቅድ፣ በየቀኑ የሚቆነጥጠውን እየሸሸ፣ የሚተወውን እየተከተለ ይለወጣል። ቆንጣጩን ፈልጉ እላቸዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት ነው። ለራሴ ሲሆን ወደቅሁ።

እኔንስ ማን እንዲህ ጠረበኝ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደስ የሚለኝን ብቻ እየሰማሁ ጆሮዬ ጠበበ። ይህንንም ቢለኩት ሚሊሜትር ይኖረዋል።

ይሄ ሁሉ ሆኖ አሁንም ተናድጃለሁ። ገባኝ ማለት ይቅር አልኩ ማለት አይደለም።

መጋቢት 2

ኃላፊው ዘንድ ደብዳቤዬን ላነሳ ሄድኩ።

«አብደሃል?»

ነጥቦቹን አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ፣ መልሶ አድርጎ፣ ሰንጠረዡን ወደ እኔ ገፋው።

«ይሄን ከእኔ ሌላ ማን አየ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ማንም አይየው። ስማኝ፣ ይሄን ደብዳቤ ካነሳህ ጥፋቱ ያንተ ነው የሚሆነው። መጽሐፉ ይሰረዛል። የፕሮፌሰርነት ማዕረጉንም እርሳው፤ የማዕረግ ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሚያዝያ ነው። ለአንድ ጀሶ አቡኪ ብለህ?»

«ጀሶውን በትክክል ያቦካው እሱ ብቻ ነው» አልኩት።

ጥሩ መልስ ነበር። ወጥቼ ደረጃው ላይ ግን ቁጭ አልኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው እኮ።

ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ። አንዱ ለማተሚያ ቤቱ፦ ሥራው ይቁም። አንዱ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው፦ ዘዴው የእኔ ነው፣ «እንደገና» ያልኩት እኔ ነኝ፣ ቴክኒሻኑ ይመለስ። ማተሚያ ቤቱ በስልክ «ሽፋኑ እኮ ታትሟል ዶክተር!» አለኝ። ሽፋኑማ ያምራል።

ለባለወፍጮው እንዴት እንደምነግረው አላውቅም።

መጋቢት 6

ሚሊ ቤት ሄድኩ። በሩን ራሱ ከፈተ። ይግቡ አላለኝም።

«ደብዳቤውን አንስቻለሁ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ትመለሳለህ። ሙሉውን እንደ አዲስ እንለካለን። ስያሜዎቹ ይሸፈናሉ፤ የየትኛው መንደር እንደሆነ አንተም እኔም አናውቅም።»

 ከውስጥ ሚስቱ «ማነው?» አለች።

«ማንም አይደለም። ከመሥሪያ ቤት ነው።»

ልጁን የዳርኩለት ሰው ነኝ! ዋጥኩት።

«ደብዳቤዎን ሲያግዱኝ አንብበውልኛል» አለ። «'ሆን ብሎ' የምትል ቃል አለችበት።»

«ተናድጄ ነበር።»

«ይናደዳሉ፣ አውቃለሁ። ግን እርስዎ ቃል ሳይመዝኑ አይጽፉም። እኔ ያጠፋሁት ፈርቼ ነው። እርስዎ ያቺን የጻፉት ፈርተው ነው?»

 አዎ ማለት ነበረብኝ፤ አሁን እዚህ ስጽፈው ነው የመጣልኝ።

«አንድ ጊዜ እንኳ ብትነግረኝ» አልኩት።

«አንድ ጊዜ ነግሬዎት ነበር። በሦስተኛው ዓመት። 'ዶክተር፣ ይሄ ልጅ ጠባብ ነው' አልኩ። ካሊፐሩን ነጥቀው ሁለት ቀን ግዥ ክፍል ላኩኝ፣ ወረቀት እንድቆጥር።»

አላስታውስም። ዋሸህ ልለው ነበር፤ ግን ሚሊ ይሄን የሚፈጥር ሰው አይደለም። ግዥ ክፍል የሠራባቸው ቀኖች ደብተሩ ላይ ባዶ ናቸው፤ ቤተ ሙከራ ገብቼ አየሁት። ሦስተኛው ዓመት፣ ጥቅምት፣ ሁለት ቀን ባዶ።

መጋቢት 14

ለማዕረጉ በታጩት ዝርዝር ውስጥ ስሜ የለም። የኃላፊው ስም አለ።

መጋቢት 23

ዛሬ ጀመርን።

መምህሯ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባውን ስያሜ በወረቀት ሸፍናለች፣ በሌላ ቁጥር። መፍቻው ዝርዝር ቢሮዋ ውስጥ ተቆልፏል፤ ሁሉም ተለክቶ እስኪያልቅ አይከፈትም። ልይ ብዬ ብጠይቃት እንኳ እንደማትሰጠኝ አስቀድማ ነግራኛለች፣ ቆማ፣ በሩን ክፍት አድርጋ። ባለፈው ስለጮህኩባት ይቅርታ ጠየቅሁ። «እሺ» አለች። ይቅርታዬን መቀበሏ ይሁን ሌላ ነገር፣ አልለየም።

ሚሊ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። «እንደምን አደራችሁ» አለ፣ ለሁለታችንም በአንድ ላይ። ምሳውን ይዞ መጥቷል፣ ብቻውን ሊበላ። መስኮቱ ሥር ተቀመጠ።

ሦስት ነጥብ አንድ ሚሊሜትር የነበረው ስንት ሆኖ እንደሚወጣ አላውቅም። አንድ ቢሆን መጽሐፉ ይተርፋል፣ ቀጥኖ። ዜሮ ከሆነ ወፍጮው ወፍጮ ብቻ ነው፣ እኔም ሃያ ዓመት የፈጀሁ ሰው ብቻ። እንደ ዛሬ ፈርቼ ደብተር ከፍቼ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ቅርጽ አነሳ። ለካ። «አርባ ስድስት ነጥብ አራት» አለ።

እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ደርሶ ቆመ። የየትኛው መንደር እንደሆነ አላውቅም፣ ምን እንደምመኝለት እንኳ አላውቅም፤ አፌ ግን በራሱ ተከፈተ።

«ጠበብ አላለብህም?»

መምህሯ ጫማዋን አየች። ሚሊ ከቅርጹ ላይ ዓይኑን አላነሳም፤ ድምፁንም አልጨመረም።

«ዝም ይበሉና ይጻፉ» አለኝ።

ጻፍኩ። አርባ ስድስት ነጥብ አራት።